ቢጫውን የቀነስክባቸው ፎቶዎች

ጌታሁንዬ፣ የኔ አራዳ፣

እንደምን ከረምክ ልልህ ብዕሬን አነሳሁና ሳቄ መጣ። ለሞተ ሰው ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ግን አንተ ሰላም ሳይል የገባ ደንበኛ ሲያጋጥምህ ገና ከበሩ "እግዜር ይመስገን፣ እኛም ደህና ነን" እያልክ የምታሽሟጥጥ ሰው ነበርክና ያለ ሰላምታ አልጀምርም። እንደምን ከረምክ? እኛ አለን። ከተለያየን አራት ዓመት ሊሞላን ነው። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ የምነግርህ ነገር ሁሉ መቃብርህ አጠገብ ቆሜ በለሆሳስ የሚያልቅ ስለነበር ነው። ይሄኛው ግን ረዘም ይላል፤ ቆሜ የምጨርሰው አይደለም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ቤቱ የለም። ያደግክበት፣ እኔንም አግብተህ ያመጣህበት ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። ግድግዳ ለግድግዳ ተጋፍተን፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋችን ሆነን "ይማርህ" እያልን የኖርንበት ሰፈር ዛሬ ሣር ለብሷል፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድም አልፎበታል። አያምርም አልልህም፣ ያምራል። አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ጓዳችን የት ጋ እንደነበር ልገምት ብዬ ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል፣ አንድ ጥበቃ "እናት፣ ሣሩን አይርገጡ" ብሎ አስወጣኝ። ከገዛ ጓዳዬ! አንተ ብትሆን ኖሮ ልጁን የቤት ኪራይ ትጠይቀው ነበር። አሁን እኔና ልጃችን ሚኪያስ ኮንዶሚኒየም ነው ያለነው። ውሃ አለ፣ ፀሐይ ይገባል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ግን አይሰማም።

ፎቶ ቤታችንም ከፒያሳ ተነስታ አፍንጮ በር ገብታለች፣ ከታክሲ መያዣው ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል። ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ፣ ያ ዕድሜ ልክህን ሱሪህን ሲያጠብልህ የኖረው የወሎ ሰው፣ "ከናንተ ጋር አርጅቼ ከማን ጋር ልሂድ?" ብሎ ከጎናችን ተከራይቷል። ጢስ ዓባይ የተሳለበት መጋረጃህም አብሮን መጥቷል። አሁን ማንም ከፊቱ መቆም አይፈልግም፤ ሁሉም ነጭ ግድግዳ ነው የሚለው። ሰርግ የሚያነሳው ሚኪያስ ነው። እኔ የፓስፖርት ጉርድ አነሳለሁ፣ የሟቾችን ፎቶ ደግሞ ለተዝካር አሳድጌ አትማለሁ። የእናት ፎቶ ይዘው መጥተው "ትንሽ ፈገግ አድርጊልን" የሚሉኝ አሉ። እሺ እላቸዋለሁ። ካንተ የተማርኩት ሙያ አይደል?

የፋሲካ ፎቷችን ግን ትዝ ትለኛለች። ጠዋት አንተ በጉን ታርዳለህ፤ ሐሞቱን ሳታፈርጥ አውጥተህ፣ አረንጓዴ ከረጢቱን በጣትህ አንጠልጥለህ፣ "ይቺ ከፈሰሰች በዓሉ ፈሰሰ" እያልክ ታስፈራራን ነበር። ከዚያ ጨጓራውን በሐሞቱ ለውሰህ ብቻህን ትበላለህ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ለብሰን ወደ ፎቶ ቤት። ካሜራውን ቆጥሮ እንዲያነሳ ታዘጋጅና ትሮጣለህ፤ ቆጥሮ ሳይጨርስ ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ የኖረ ሰው መስለህ ከጎኔ ትገኛለህ። እንደዚያ እየሮጠ ክራቫቱ የማይጣመምበት ሰው አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ፎቶው ታትሞ መስኮቱ ላይ ይወጣል፣ የፒያሳ ሰው እያለፈ "ዘንድሮ ደግሞ ወፈር ብላችኋል" ይለናል።

መጨረሻ ላይ ባነሳናቸው ፋሲካዎች ነው ያ ነገር የመጣው። ኮምፒውተሩ ላይ ፊትህ ቢጫ ሲል አንድ ቀን አይቼ ጠየቅኩህ፣ "ማሽኑ ነው" አልከኝ። አመንኩህ። ለምን አላምንህም? ጨለማ ክፍል ውስጥ በኬሚካል ፎቶ ስታጥብ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ቀለም ያንተ ጉዳይ ነበር። እንዲያውም ጠጋኝ አስጠራህ፤ ያ ምስኪን ማተሚያውን ፈታትቶ፣ ምንም አላገኘሁበትም ብሎ፣ በአንተ ሂሳብ ማኪያቶውን ጠጥቶ ሄደ። መዳፍህንና የውስጥ እግርህን ሲያሳክክህ "የኬሚካሉ ነው፣ ዘንድሮ ነው ብድሩን የሚመልሰው" አልክ። ቀጥሎ ጥቁር መነጽር ማድረግ ጀመርክ፣ ሱቅ ውስጥም አታወልቀውም። ፒያሳ በሙሉ ጌታሁን በስተርጅና አራዳነቱ ተነሳበት ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። መነጽሩ ሲወልቅ የዓይንህ ነጭ የለም። ሰፈሩ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ሥር ቀቀለልህ፣ ጠበልም ሄድን። ሐኪም ቤት ስንደርስ ጉበት ነው ተባልን፣ ብዙም አልቆየህልኝ። ለቀስተኛው ጀርባውን ሲያዞር መጠጥ ነው አለ። አንድ ቢራ ከጋሽ ሰይድ አምቦ ውሃ ጋር እያጋጨህ የምታመሽ ሰውዬ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ስፈራ ስቸር ያዘገየሁትን።

አምና ከፋሲካ በኋላ፣ ሚኪያስ አዲስ መብራት ገዝቶ መጣና እንድሞክረው ከመጋረጃው ፊት ተቀመጠልኝ። አነሳሁት። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ብሏል። እጄ ሳላዘው ቀለሙን ወደሚያስተካክለው ቦታ ሄደ፣ ቢጫ መቀነስ፣ ሰማያዊ መጨመር፤ ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ልጁ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ማሽኑ ነው።"

እጁን ይዤ እየጎተትኩ መንገድ ላይ አወጣሁት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ የታክሲ ረዳቶች እያዩን፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ የዓይን ሽፋን ገልብጬ አየሁ። ቢጫ ነው፣ ጌታሁን። ካንተ የወሰደው አፍንጫህንና ግትርነትህን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሲያሳክከው ከርሞ አዲሱ ሳሙና ነው ብሎ ዝም ብሏል።

ሐኪም ቤት የተቀበለችን ዶክተር ከልጃችን እምብዛም የማትበልጥ ልጅ ናት፤ ግን ስትጠይቅ አትቸኩልም። የአባቱ ሕመም ምን ነበር አለችኝ። ጉበት ነው አልኳት። ቢጫው መቼ ጀመረው? ሄድ መጣ ይል ነበር ወይስ አንዴ መጥቶ ቀረ? ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ዓይንህ መቼ ቢጫ እንደሆነ አላውቅም። ይሄኔ ሚኪያስ "ቀለማቸው ያልተነካ የአባዬ ፎቶዎች ይኖራሉ" አለ።

አሮጌው ኮምፒውተርህ ከመጋረጃው ሥር በጆንያ ተጠቅልሎ ነበር። ጋሽ ሰይድ ጠረጴዛውን ለቀቀልን፣ አቧራውን አራግፈን አስነሳነው። መቼም አንተ ምንም ነገር የማትጥል ሰው ነህ፤ የፋሲካዎቹም፣ መብራት ለመሞከር ራስህን ያነሳሃቸውም ሁሉም አሉ። ታውቃለህ፣ ፎቶ ሲስተካከል የተጨመረው ቀለም ከፎቶው በላይ እንደ ስስ ጨርቅ ይደረባል፤ ጨርቁ ሲነሳ የመጀመሪያው እንዳለ ከሥሩ ይገኛል። ሚኪያስ ከመጨረሻው ፋሲካ ላይ ያንን አነሳው። ብቅ ያልከው አንተ ነህ፣ ፊትህ እንደ እርድ። ልጁ ግን የሚያየው ፎቶው ውስጥ ያለሁትን እኔን ነበር። ቆይቶ "እማዬ፣ ቀሚስሽን እይው" አለኝ።

ቀሚሴ ነጭ ነው። ያ ለጋብቻ በዓላችን የገዛህልኝ የሀገር ልብስ፣ ካንተ ትከሻ ጋር ተነካክቶ፣ ምንም ቀለም ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት፣ እንደ ወተት ነጭ። ማሽኑ ቢያብድ ኖሮ እሱም ቢጫ ይሆን ነበር። አንተ የደረብከው ቀለም ደግሞ ያንተን ፊት ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ በጥንቃቄ፣ በቅንድብህ ዙሪያ ሳይቀር ተከርክሞ። በፊተኛው ፋሲካም እንደዚያው። መብራት በሞከርክባቸውም እንደዚያው። ማሽኑ ደህና እንደነበር ታውቅ ነበር። ጠጋኙን ያስጠራኸው እኔን ለማሳመን ነው።

ተናደድኩብህ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን ተናድጄብህ አላውቅም፤ ብትኖር ኖሮ ማታውን ራትህን አላቀርብልህም ነበር። ሚኪያስ ያኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነበረበት፣ እኔም ትንሽ ነገር የሚያስደነግጠኝ ሴት ነበርኩ፤ ለእኛ ብለህ ነው። ይገባኛል። የገባኝም ነገር ግን ያናድዳል። ከዚያ ጋሽ ሰይድ ሻይ አመጣልኝና ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ፣ የራስህን ዓይን እያስተካከልክ ያመሸህባቸውን ማታዎች ሳስብ አለቀስኩ። እኔ እዚያው ጀርባህ ጋ ሆኜ ጉርድ ፎቶ እቆርጥ ነበር።

ፎቶዎቹን ወስደን ለዶክተሯ አሳየናት። ተራ በተራ ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ቢጫው መጥቶ፣ ሄዶ፣ እንደገና በርትቶ ይመጣል። የሐሞት መውረጃ ቱቦዎች የሚቆጡበትና እየጠበቡ የሚሄዱበት በሽታ አለ፣ መጠጥ ከመጠጣት ጋር አይገናኝም፣ ከአባት ወደ ልጅ ሁሌ አይወርድም፣ ቤተሰብ ውስጥ ግን ደጋግሞ ሊታይ ይችላል አለችን። ሚኪያስን በማሽን ስታየው ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ጠብቧል። ያ ጥበት ቁጣው ያመጣው ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በምስሉ ብቻ አይለይም አለች። ዕድሜዬን በሙሉ ምስል ሸጬ ያደርኩ ሴትዮ፣ ምስል እንደማይበቃ የነገረችኝ ያቺ ልጅ ናት።

ስለዚህ ሐሞቱን እንይ አለች። በአፉ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ የጠበበውን በትንሽ ፊኛ ከፈት አድርገው፣ እግረ መንገዳቸውን ከሐሞቱ ቀዱ። በሐሞቱ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት በማጉያ ያያሉ፤ ፕሮቲኖችንም ይለካሉ። ሲቆጣ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያራግፏቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ አንደኛው ካልፕሮቴክቲን ይባላል፣ ስሙ አፌ ላይ እስኪቀመጥ ስንት ጊዜ ሚኪያስን አስቄዋለሁ። ለምን ደሙን ብቻ አትለኩም ብዬ ጠየቅኳት። ስትነግረኝ የገባኝ እንደዚህ ነው፦ በደም መለካት የሰው ቤት ጭቅጭቅ ከመንገድ ማዶ ሆኖ እንደ መስማት ነው፤ ሐሞቱ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። አልደበቀችኝም፣ የፕሮቲኑ ልኬት ገና እየተጠና ነው፣ ብቻውን አይፈርድም፣ ናሙናውም ከሌሎች ሕመምተኞች ናሙና ጋር ለጥናት ውጭ አገር ይሄዳል አለች። ሚኪያስም ናሙናው ይላክ አለ። ከመላኩ በፊት ብልቃጧን አሳዩኝ። ወርቅማ አረንጓዴ ነው። በጣትህ አንጠልጥለህ የምታስፈራራን ያቺ የበግ ከረጢት ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

መጠበቅ ጀመርን። ወይ መጠበቅ! እኔ በየጠዋቱ ሱቁን ስከፍት ልጁን ከመጋረጃው ፊት አስቀምጬ አነሳው ነበር። አንድ ነጭ ወረቀት አገጩ ሥር አስይዘዋለሁ፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ፊቱ ቢጫ ከሆነ ቢጫው የእሱ ነው፣ ማሽን ላይ የሚሳበብ የለም። "እንደ እስረኛ አደረግሽኝ እኮ፣ ቁጥር ብቻ ነው የቀረኝ" ይለኛል፣ ወረቀቱን ግን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ጋሽ ሰይድ መርፌውን አፉ ላይ እንደያዘ በበሩ ብቅ ይልና "አብሽሪ የሺ፣ ዛሬ ቀላ ብሏል" ይለኛል። የቀላ ነገር የለም። ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ በእሪ በከንቱ በኩል፣ ከጋብቻችን በፊት በምትሸኘኝ መንገድ፣ በእግሬ እየወረድኩ እለምንህ ነበር። እግዚአብሔርን አይደለም፣ አንተን። እዚያ ስላለህ ትቀርባለህ ብዬ ነው። አንድ ልጄን እንዳትጠራብኝ፣ ብቸኝነቱን ቻለው እልሃለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ፈርቼ ነው።

ዶክተሯ ስትጠራን አብረን ሄድን። ደረጃው ላይ ሚኪያስ ደገፈኝ፤ በሽተኛው እሱ፣ ተደጋፊዋ እኔ። ሕዋሳቱ ንጹሕ ናቸው አለች፣ ካንሰር አልተገኘም። የቁጣው ፕሮቲን ግን ከፍ ያለ ነው፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲታይ ያ ያለችው የቱቦ በሽታ ነው። የሚያጠፋው መድኃኒት እስካሁን የለም። ሲጠብ እየከፈቱ፣ ማሳከኩን እያስታገሱ፣ በየጊዜው እያዩ መኖር ነው፤ ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ጉበት መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ይሄን ሁሉ እየሰማሁ ሳቅኩ። ልጅሽ የማይለቅ በሽታ አለበት ተብላ የምትስቅ እናት ታይታ ታውቃለች? ዶክተሯም አብራኝ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን። ስላንተም ጠየቅኳት። ከፎቶ ተነስቼ ስለ ሞተ ሰው አልፈርድም፣ ግን በጣም ይመስላል አለች። ያቺው ትበቃኛለች።

አሁን ሚኪያስ ከሞላ ጎደል ደህና ነው። ይደክመዋል፣ ቢጫውም አልፎ አልፎ ይመጣል ይሄዳል። ሰርግ ያነሳል፣ ቀጠሮውን አይዘልም። አንዲት ልጅም ሳትኖር አልቀረችም፤ ስልኩን ይዞ ከበር ውጭ የሚያወራው ነገር በዝቷል።

ዘንድሮ በፋሲካ፣ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለበዓል ፎቷችን መጋረጃህን ዘረጋነው። ነጩን ቀሚሴን ለበስኩ። ሚኪያስ ካሜራውን አዘጋጅቶ ሮጠ፣ እንዳንተ ግን አልሆነም፤ ክራቫቱ ጀርባው ላይ ዞሮ ደረሰ። ፎቶውን ሳየው ያ የምታውቀው ቢጫ በዓይኑ ላይ አለ። እጄን ገና ወደ ኮምፒውተሩ ስዘረጋ "እማዬ፣ እንዳትነኪው" አለኝ። እንዳለ አተምኩት።

ከዚያ የእኛን የመጨረሻ ፋሲካ አወጣሁ። የደረብክበትን ቀለም አነሳሁና አንተንም እንዳለህ አትሜ አሳደግኩህ። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ናቸው። ጋሽ ሰይድ መጣ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ አየህ፣ "ጌታሁን መጣ" ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

ጌታሁንዬ፣ እስካለሁ ድረስ አልረሳህም፤ ይሄን ማንም ይላል። እኔ የምልህ ግን አስተካክዬ አላስታውስህም ነው። ከነመነጽርህ፣ ከነማሳከክህ፣ ከነውሸትህ፣ ፊትህ እንደ እርድ ሆኖ ከነጩ ቀሚሴ ጎን እንደተቀመጥክ ነው የማስታውስህ። ትናንት አንዲት ሴትዮ ጉርድ ልትነሳ መጥታ መስኮቱን አየችና "እትዬ፣ ማሽናችሁ ቢጫ ያበዛል እንዴ?" አለችኝ።

ቀሚሱን እዪው፣ ነጭ ነው አልኳት። ማሽኑ ደህና ነው፤ እሱ ባሌ ነው።

ያንተው የሺ